አሥራ ሁለት መስታወት ወደ ሻንቶ

ከወላይታ ከተመለስኩ ወር ሊሞላኝ ነው። በመምህራን ክበብ ያገኘኝ ሁሉ «እንዴት ነበር? አገሩ ያምራል አሉ» ይለኛል። አዎ፣ ያምራል። ግን እኔ የሄድኩት አገር ለማየት አልነበረም። እዚህ ደብረ ብርሃን ብርድ ውስጥ ተቀምጣችሁ ያንን መንገድ ለማትሄዱት የሆነውን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ደስ የሚል ነገር የሚፈልግ ካለ እዚሁ ላይ ያቁም።

ፊዚክስ አስተምራለሁ። የዶክትሬት ትምህርቴን ከጀመርኩ ስንት ዓመት እንደሆነኝ አትጠይቁኝ፤ አብረውኝ የጀመሩት ተመርቀው፣ አግብተው፣ ወልደው፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አስገብተዋል። የምሠራው ብርሃን ላይ ነው። ብር የተባለውን ማዕድን ከጥፍር በማይበልጥ መስታወት ላይ ደቃቅ ነጠብጣብ አድርገው ይደረድሩታል፤ አንዲት የጤፍ ፍሬ በምትሸፍነው ቦታ ላይ በሚሊዮን የሚቆጠር ነጠብጣብ ይሰለፋል። ብርሃን ሲያርፍበት በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች አንድ ላይ ይወዛወዛሉ፤ መስታወቱም በብር ላይ አይታችሁት የማታውቁትን ቀለም ያወጣል። የኔዎቹ እንደ ወይን ጠጅ ቀይ ነበሩ። ቀለሙ የሚመጣው ከብሩ ብቻ ሳይሆን ከአደራደሩ ነው። አንድ ነገር ነጠብጣቡን ሲነካው ወይም ሲበላው ቀለሙ ይለወጣል፤ የለውጡን ልክ በመሣሪያ አንብበን የነካው ነገር ምን ያህል እንደሆነ እናውቃለን።

ማርቆስ በክረምት ኮርስ ተማሪዬ ነበር፤ አሁን ወላይታ ውስጥ ሻንቶ ከምትባል ከተማ አጠገብ ፊዚክስ ያስተምራል። የደወለልኝ ስለ ፍየል ነው። ባለቤቱ አስቴር ካሳቫ ልጣ ልጣጩን ደጅ ጣለችው፤ ፍየሏ በላችው፤ ወዲያው ሞተች። እነሱ ካሳቫን ሚታ ቦዬ ይሉታል፤ የእንጨት ቦዬ እንደ ማለት ነው፤ ቦዬ እንደ ድንች የሚቀቀል ሥራ ሥር ነው። ዝናቡ ጠፍቶ ስኳር ድንቹ ስላልያዘ ማሳቸው ላይ የቀረው እሱ ብቻ ነው፤ ያውም አዲስ የመጣ መራራ ዝርያ። ካሳቫ ሲያናይድ የሚባል መርዝ አለው፤ ሲዘፈዘፍና ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ይለቀዋል። የድሮውን ዝርያ ስንት ቀን መዘፍዘፍ እንዳለባቸው ያውቃሉ። የአዲሱን የሚያውቅ ሰው የለም። ሦስት ቀን ይበቃል ወይስ አምስት? ቀኑ በረዘመ ቁጥር ዱቄቱ ያንሳል፣ ይከረፋልም። ቤቱ ውስጥ ደግሞ አምስት ልጆችና አንዲት አሮጊት አሉ።

እኔ መጥቼ እነግራችኋለሁ አልኩት። መርዙ ብር ይበላል፤ የኔ መስታወቶች ደግሞ ብር ናቸው። እኔም ብሆን ቀን ጎድሎብኛል፤ ኮሚቴው ከእውነተኛ እህል ላይ ውጤት ካላመጣሽ ስምሽ ይሰረዛል ብሎኛል። አንዱ መስታወት ለአንድ ናሙና ብቻ ነው የሚያገለግለው። የቀሩኝ አሥራ ሁለት ነበሩ። ይሠራልን የነበረው የውጭ ቤተ ሙከራ ሥራውን ስላቆመ አሥራ ሦስተኛ የሚባል የለም።

ጉዞው ከመነሳቴ በፊት በአንዲት ቃል ተበላሸ። ኬላ ላይ የማሳየው ደብዳቤ ስለሚያስፈልገኝ ለጸሐፊያችን ለእትዬ ስንዱ «አሥራ ሁለት የብር ናሙናዎች ይዛ ስለምትጓዝ» የሚል ረቂቅ ሰጠኋቸው። እትዬ ስንዱ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። የብር ናሙና ብለሽ ሐሰተኛ ብር ታትማለች ተብለሽ ልትታሰሪ ነው ወይ አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በኛ ቋንቋ ማዕድኑም ብር፣ ገንዘቡም ብር። መስታወቶቹ ብሩን ከአየር የሚከልል ስስ የወርቅ ሽፋን ስለነበራቸው «እንግዲያው የወርቅ ናሙናዎች ይበሉት» አልኳቸው። ተሳስቀን ማኅተም አስመታን። አይ የኔ ነገር!

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። ደብረ ብርሃን እንደ ልማዷ ጭጋጓን ተከናንባ ነበር፤ ሦስት ልብስ ደርቤ፣ ሣጥኑን በጋቢ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አደረግኩት። አዲስ አበባ ደርሼ ወደ ደቡብ መናኸሪያ ተሻገርኩና የሻሸመኔ አውቶቡስ ያዝኩ። ዝዋይን ስናልፍ ከሦስቱ ልብስ ሁለቱን አውልቄያለሁ። አጠገቤ የተቀመጠች ነጋዴ ሴት ምን ቢሆን ነው እንደ አራስ ልጅ ያቀፍሽው አለችኝ። መስታወት ነው አልኳት። ለመስታወት ይህን ያህል ብላ ሳቀችና ሙዝ ሰጠችኝ። እኛ አገር መንገደኛ ቆሎ ነው የሚያካፍለው፤ ሙዝ ስትሰጠኝ ሩቅ አገር መግባቴ ታወቀኝ።

ሻሸመኔ ያደርኩበት አልጋ ቤት ፍራሹ መሐሉ ጎድጉዶ ስለነበር ሌሊቱን ሙሉ ከጉድጓድ ስወጣ አደርኩ ማለት ይቻላል። ራቴ ሽሮ ነበር፤ አስተናጋጁ አገሬን ጠይቆኝ ስነግረው ለብርዳሙ አገር ሰው ብሎ ቃሪያ ጨመረልኝ። ያን ቀን ሆዴ ቅቤ ጠጥቶ ነበር። ሐሙስ ማታ ለአስቴር ቁጥሯን እሰጣታለሁ፣ ለኮሚቴውም ውጤቴን እያልኩ ነው የተኛሁት።

ማክሰኞ በአላባ በኩል ወደ ሶዶ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝኩ። ከአንዲት ከተማ መግቢያ ላይ ለፍተሻ ወረድን። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ሰዎቹ ክፉ አልነበሩምና። ፈታሹ ደብዳቤዬን አነበበ፤ ደግሞ አነበበ፤ ኃላፊውን ጠራ። ኃላፊው ወጣት፣ ጨዋ፣ ሸሚዙን በሥርዓት የተኮሰ ሰው ነው። ወርቅ በዚህ መንገድ ያለፈቃድ እንዳይወጣ ጥብቅ ትእዛዝ አለ አለኝ። እኔ እያስገባሁ እንጂ እያወጣሁ አይደለም አልኩት። እሱም ልክ ነዎት፣ ግን ወረቀቱ ወርቅ ይላል አለ። ወርቅ ሲባል እኮ ሽፋን ነው፣ ከውስጥ ብር ነው ብዬ ስጀምር ዙሪያዬን የቆሙት ሁሉ ዞር ብለው አዩኝ። ብር የምትለዋን ቃል እዚያ ቦታ ላይ ማንሳቴ ነገሩን አባሰው። ሚኒባሱ ጥሎኝ ሄደ።

ቀኑ መሸ፤ ባለሙያ እስኪገኝ ሣጥኑ ካዝና ገባ። እኔን ግን ፖሊስ ጣቢያ አላሳደሩኝም። ሳጅን ምሕረት የምትባል ፖሊስ ቤቷ ወሰደችኝ፤ አልጋዋን ለቃልኝ እሷ ምንጣፍ ላይ ተኛች። አይሆንም ብል አልሰማችኝም። የተቀቀለ ቦዬ በዳታ አቀረበችልኝ፤ ዳታ ያገሩ ቃሪያ ድልህ ነው፣ የኛ አዋዜ ከሱ ጋር ሲተያይ የልጅ ምግብ ነው። ከመብላታችን በፊት ዓይኗን ጨፍና ረጅም ጸሎት ጸለየች። በአማርኛ የጸለየችው እኔ እንድሰማው መሰለኝ፤ የእንግዳዬን ወርቅ ጠብቅላት አለች። አሜን አልኩ። ወርቅ አይደለም ማለት አልቻልኩም።

ረቡዕ ጠዋት ባለሙያው መጣ። ጋሽ ወልዴ ይባላሉ፤ በዚያች ከተማ የታወቁ ወርቅ ሠሪ ናቸው። አገሬን ሲጠይቁኝ ደብረ ብርሃን ብላቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አያታቸው ከመንዝ የመጡ ናቸው፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን ሄደው አያውቁም። ብርዱ እውነት እንደሚባለው ነው ወይ፣ ባቄላው አሁንም እንደ ጥንቱ ነው ወይ እያሉ ይጠይቁኛል። እኔ የማየው እጃቸውን ነው። ጥቁር የመፈተኛ ድንጋይ፣ አሲድ ያለባት ትንሽ ጠርሙስና ጨርቅ ይዘው መጥተዋል።

እባክዎ አይንኩት አልኩ። ከወርቁ ሽፋን በታች ብር ነው፣ አሲዱ ያጠፋዋል ብዬ ለኃላፊው ለመንኩት። እሱም በትሕትና፣ ሳይፈተን ቢለቀቅ ነገ ተጠያቂው እኔ ነኝ፣ አንዷን ብቻ አለኝ። ጋሽ ወልዴ መስታወቷን ድንጋዩ ላይ ፈገፈጓት፤ ምልክት አልተወችም። ከዚያ አንድ ጠብታ አሲድ አደረጉባት። ወይን ጠጁ ቀለም ከጠብታው ሥር ተነስቶ ቀስ እያለ ነጣ፤ የቀረው ባዶ መስታወት ነው።

«ወርቅ ቢሆን ኖሮ አይጠፋም ነበር» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ቀለም ነው፣ ልጄ። ሰው አታልሎሽ ነው።»

ቀለም ነው ያሉት ልክ ነው፤ ስንት ዓመት የተማርኩት እሱኑ ነው። ኃላፊው ግን ሌሎቹም እንዲሁ መሆናቸውን በምን አውቃለሁ ብሎ ሦስት ጨመረ። አራት ሄደ ማለት ነው። ወሽመጤ ብጥስ አለ። ቢሆንም ስምንት ቀርቷል፤ በስምንትም ይሠራል፤ የሚመረመረው ከአንድ እስከ ስድስት ቀን የተዘፈዘፈ ካሳቫ ነው፣ ለየቀኑ አንድ ይበቃል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ናሙናዎቹ ወርቅ አለመሆናቸው ተረጋግጧል የሚል ወረቀት ላይ እንድፈርም ወደ ቢሮ ጠሩኝ። ቢሮ ውስጥ የቆየሁት አንድ ስኒ ሻይ የሚያስጠጣ ጊዜ ነው።

ስመለስ ጋሽ ወልዴ ስምንቱን መስታወት ነጭ ጨርቅ ላይ ደርድረው ጠበቁኝ። ያበራሉ፤ ከወዲያ ማዶ ያለው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታይባቸዋል።

«የአገሬ ልጅ፣ ደክመሽ ከሩቅ የመጣሽ ነሽ፤ ቀይ ቀይ ቆሻሻ ይዟቸው ነበር» አሉኝ። «ጌጥ በማጸዳበት ዱቄት አሸሁልሽ። አሁን ንጹሕ መስታወት ሆኑልሽ። ክፍያ የለውም።»

ምን ልበላቸው? መጮህ ፈልጌ ነበር። አሲዱስ በትእዛዝ ነው የመጣው፤ ይሄ ግን ለኔ ታስቦ፣ የአያታቸውን አገር ሴት ለማስደሰት ነው። አንድ በአንድ አንስተው፣ ጥፍር በምታህል መስታወት ላይ ጎንበስ ብለው፣ በዚያ ዕድሜ ዓይናቸውን አጥብበው አሽተዋታል። እጃቸውን ይዤ አመሰገንኳቸው። እሳቸውም ለአገሬ ሰላምታ አድርሺልኝ አሉ። ይኸው አድርሻለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሶዶ ገባሁ። ዳሞት ተራራ ከከተማዋ በላይ ደመና ለብሶ ቆሟል፤ አየሩ ጥሩ ነው፤ ሰው ሁሉ «ሳሮ» እያለ ሰላም ይላል። ወደ ኦቶና ሆስፒታል በሚወስደው መንገድ ላይ ክፍል ያዝኩና መብራቴንና ማንበቢያ መሣሪያዬን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። ስምንቱን አንድ በአንድ አየሁ። የብሩ ነጠብጣብ ቢኖር ስክሪኑ ላይ ሊታይ የሚገባው ጎድጓዳ ስፍራ የለም፤ ቀጥ ያለ መስመር ነው። መስኮት ላይ የገባ መስታወት የሚሰጠው መስመር። ደግሜ አየሁ፣ በሦስተኛውም አየሁ። ከዚያ አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እንባዬ ዱብ ዱብ ሲል የቤቱ ሠራተኛ ፎጣ ልታቀብለኝ መጥታ አየችኝና ሆስፒታል ታማሚ አለዎት ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። ይማርልዎ ብላ ትኩስ ወተት አመጣችልኝ።

ሐሙስ ለመመለስ አስቤ ነበር። እውነቱን ከተናገርኩ መናኸሪያው ድረስ ሄጄ የአዲስ አበባ መኪና ሥር ቆሜያለሁ። ግን ማርቆስ ማልዶ ደውሎ አስቴር እየጠበቀችዎት ነው ብሎኝ ነበር። የሻንቶን ሚኒባስ ያዝኩ፤ ከዚያ ባጃጅ። ገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ በሰው ተሞልቷል፤ ሴቶቹ ሸክማቸውን ተሸክመው ለመኪና መንገድ ሲለቁ ፈገግ ይላሉ። በደብረ ብርሃን መንገድ ብንሆን አንዱ ሹፌሩን በሰደበው ነበር። አፈሩ ቀይ ነው፣ እንሰቱ ለምለም ነው፤ ላየው ሰው ረሃብ የሚገባበት አገር አይመስልም። ከእንሰቱ ኋላ ያለው ማሳ ግን ግማሹ ባዶ ነበር።

ማርቆስ በር ላይ ጠበቀኝ። ዶክተር ይለኛል፤ ገና አይደለሁም ብዬ ስንቴ ብነግረው አይተወውም። ጓሮ ወሰደኝ። አሥራ ሁለት የፕላስቲክ ባልዲ በጥላ ሥር ተደርድሯል። በእያንዳንዱ ክዳን ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ እስከ ስድስት፣ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት። እኔ በስልክ አሥራ ሁለት ስላልኩት ነው። ውኃውን ከሩቅ የቀዳችው፣ በየቀኑ የቀየረችው አስቴር ናት፤ የእጇ ቆዳ በውኃ ብዛት ተሰነጣጥቋል። ከየባልዲው ጥቂት አንስታ ዱቄት እስከ መሆን አድርሳ በየከረጢቱ አስቀምጣለች። ይህ ሁሉ ካሳቫ ለኔ ሲባል ሳይበላ የቆየ ነው። ትንሹ ልጅ ባልዲውን ነካ ሲያደርግ አሮጊቷ ቆጣ ብላ መለሰችው፤ የዶክተሯ ነው ማለቷ እንደሆነ ማርቆስ ነገረኝ።

ሣጥኑን ከፍቼ ነገርኳቸው። ምን እንደሆነ፣ ማን ምን እንዳደረገ፣ ከደብዳቤዋ ቃል ጀምሬ። ማርቆስ አንዷን መስታወት በጣቶቹ ይዞ ወደ ሰማይ አነሳትና ረጅም ጊዜ አየባት። እሱ ገብቶታል፤ አስተምሬዋለሁ። ለአስቴር በወላይትኛ ማስረዳት ጀመረ፤ ብዙ ተናገረ፤ እሷ አታቋርጠውም። ሲጨርስ ወደኔ ዞረች።

«መስታወቱ ጠፋ፣ እሺ» አለች። «እርስዎ ግን አሉ። ስንት ቀን ነው?»

አላውቅም አልኳት። ሳትሰማኝ ቀርታ ሳይሆን አልገባትም። ይህን ሁሉ መንገድ የመጣ፣ ይህን ሁሉ የተማረ ሰው አላውቅም ይላል ብላ አታስብም። ማርቆስ ዝቅ ባለ ድምፅ ግምት እንኳ ቢሆን ዶክተር አለኝ። ስለሌላ ዝርያ፣ ስለሌላ አገር አፈር ያነበብኳቸው ወረቀቶች በጭንቅላቴ ተመላለሱ። አንዳቸውም ስለዚህ ማሳ አይደሉም። አሥራ ሁለቱ ባልዲ ይጠብቃሉ፤ አሮጊቷ ትጠብቃለች።

«አምስት» አልኩ።

አስቴር ራሷን ነቀነቀች፤ አምስት ብላ ደገመችው። ማርቆስ ብዕር አወጣና ከጓዳው በር በስተጀርባ ጻፈው። ከዚያ በእንሰት ቅጠል ላይ ምሳ አቀረቡልኝ፤ ለእንግዳ ያቆዩትን ቅቤ ጨመሩበት። ልጆቹ ከበር ሆነው አዩኝ። በላሁ።

ዓርብ ከሻንቶ ወጥቼ በቦዲቲ በኩል በቀጥታ ወደ ሰሜን ነው የሄድኩት። ያቺ ከተማ ስንደርስ ሳጅን ምሕረት ፍተሻ ላይ ነበረች፤ መስኮቱ ድረስ መጥታ ጌታ ይመስገን ሁሉም በሰላም አለቀ አለችኝ። ጸሎቷ እንደተሰማ ነው የምታውቀው። አልነገርኳትም።

ከአስቴር ከረጢቶች ጥቂቱን ይዤ መጥቼ ነበር። አዲስ አበባ ያለ አንድ ቤተ ሙከራ ይመረምራል ስለተባለ ወሰድኩላቸው፤ ኬሚካሉ አልቋል፣ ሲመጣ እንጠራሻለን አሉኝ። እስካሁን አልጠሩኝም። የኮሚቴውም ደብዳቤ ደርሶኛል፤ ስሜ ተሰርዟል። እሱን ለምጄዋለሁ ማለት እችላለሁ፤ ጠዋት ክፍል እገባለሁ፣ አስተምራለሁ፣ እወጣለሁ።

ባለፈው ሳምንት ግን አስቴር ደወለች። ማርቆስ አይደለም፤ እሷ ራሷ ናት። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ። ከበስተኋላ ልጅ ያለቅሳል።

«ዶክተር፣ አምስቱ ቀን ረዘመብን» አለችኝ። «የሚወጣው ዱቄት በጣም ጥቂት ነው፤ ልጆቹም አይጠብቁም። አራት ቢሆንስ?»

ዋጋ ቀንሽልኝ እንደምትል ገበያተኛ ነው የለመነችኝ። ዋጋው በእጄ ያለ መስሏታል። አምስትን ከየት እንዳመጣሁት፣ ከአፌ የወጣ ቁጥር እንጂ ሌላ እንዳልሆነ ልነግራት ነበር። ያን ከነገርኳት ደግሞ ሦስትም፣ ሁለትም ያው ነው ብላ ታስባለች ብዬ ፈራሁ። ልጁ ማልቀሱን አላቆመም። እሺ፣ አራት ይሁን አልኳት። አመሰገነችኝ፤ እግዚአብሔር ይባርክዎት ብላ ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ አልደወለችም። እኔም ለመደወል አልደፈርኩም።